«እኔ ምን አውቃለሁ» እስከ መቼ?



ለትምህርት ቤታችን መጽሔት ሴቶች በሥራ ቦታ በራሳቸው ስለ መተማመን አንድ ጽሑፍ እንዳዘጋጅ ስጠየቅ ከአፌ ቀድሞ የወጣው «ኧረ እኔ ምን አውቃለሁ!» የሚል ቃል ነበር። የጠየቁኝ መምህር ፈገግ አሉና «እንግዲያውስ አሁን ስላሉት ቃል ይጻፉልን» አሉኝ።

ቤቴ ሄጄ ሳስበው መምህሩ እውነት ነበራቸው። ይህች አነጋገር ሦስት ቃል ብቻ ናት። ነገር ግን ገንዘብ አስከፍላኛለች፤ ልጄንም ከትምህርት ገበታ ልታስቀርብኝ ምንም አልቀራትም ነበር። እንዴት እንደሆነ ላጫውታችሁ።

ከየት ተማርናት?

በእኛ አነጋገር «እኔ ምን አውቃለሁ» ማለት ሁልጊዜ አለማወቅ አይደለም። ሰባት ልጅ ወልዳ ያሳደገች፣ ጠላ ጠምቃ ድግስ የምታወጣ፣ የእህሉን ዋጋ ከዓመት ዓመት በቃሏ የምትይዝ እናት ምክር ስትጠየቅ አስቀድማ «እኔ ምን አውቃለሁ» ትላለች። ቀጥላ ግን የሚያስፈልገውን ሁሉ ትናገራለች። ቃሉ የትሕትና ነው። አዋቂ ነኝ ማለት ነውር ስለሆነ፣ ወደ ነገሩ ከመግባት በፊት በር እንደ ማንኳኳት ያለ ነው። ሰሚውም የአገሯ ሰው ስለሆነ ይገባዋል፤ «አንቺ ያላወቅሽ ማን ሊያውቅ!» ይልና ያናግራታል።

ከዚህ ጋር ሌላም ነገር ተምረናል። «ሴት ቢያውቅ በወንድ ያልቅ» ሲባል ሰምተን አድገናል። «ፊት የተናገረን ሰው ይጠላዋል፣ ፊት የበቀለን ወፍ ይበላዋል» ተብለናል። ስደት ደግሞ ሦስተኛ ነገር ይጨምርበታል፤ አገሩ የሰው፣ ቋንቋው የሰው፣ እንጀራውም የሰው ነው። አንድ ቃል ብሳሳት ነገ ከሥራ እወጣለሁ የሚል ስጋት አለ። ትሕትናው፣ ተረቱና ስጋቱ አንድ ላይ ተገምደው አፋችንን ያስሩታል። ሥራ ላይ ያለች ብዙ ሴት የማትናገረው የምትናገረው ጠፍቷት አይደለም።

የአንሶላዎቹ ነገር

እኔ የምሠራው በዚህ በሐርጌሳ ከተማ በአንድ ሆቴል የልብስ ማጠቢያ ክፍል ውስጥ ነው። አራት ሴቶች ነን፤ ሁለታችን ኢትዮጵያውያን፣ ሁለቱ የአገሩ ተወላጆች። ሆቴሉ 40 አልጋ አለው። ለአንድ አልጋ ሁለት አንሶላ ያስፈልጋል። ሥራው እንዳይስተጓጎል ደግሞ አንዱ ጥንድ አልጋው ላይ፣ ሁለተኛው እጥበት ላይ፣ ሦስተኛው ታጥፎ መደርደሪያ ላይ መሆን አለበት። ስለዚህ በመዝገብ ላይ የሰፈረው 240 አንሶላ ነው። በየወሩ መጨረሻ ይቆጠራል። የጎደለ ካለ ለአንዱ 5 ዶላር ተተምኖ በአራታችን ላይ ይካፈላል፤ በተቆረጠው ገንዘብም አዲስ ይገዛል።

አንድ ወር 8 አንሶላ ጎደለ ተባለ። ከእያንዳንዳችን 10 ዶላር ተቆረጠ። ደመወዛችን የሚገባው በስልክ በዛድ ነውና ፊት ለፊት ቆሞ የሚያስረዳ ሰው የለም፤ መልእክቷ ትገባለች፣ ከፍተን ስናያት ጎድላለች። ለሌላ ሰው 10 ዶላር ትንሽ ሊሆን ይችላል። ለእኔ ግን የልጆቼ የደብተርና የወሩ የውኃ ገንዘብ ነበር።

በሁለተኛው ወር ደግሞ 4 ጎደለ። በዚህ ጊዜ ሥራ አስኪያጁ ሠራተኛውን ሁሉ ሰብስበው ይጠይቁ ጀመር። ተራው ለእኔ ሲደርስ በአስተርጓሚ «አንቺስ ምን ትያለሽ? አንሶላዎቹ የት ገቡ?» አሉኝ።

እውነቱን ለመናገር የምለው ነበረኝ። የነተቡት አንሶላዎች ተለይተው ሲወሰዱ በዓይኔ አይቻለሁ። ዳሩ ግን ያ ሁሉ ሰው ዞሮ ሲያየኝ ልማዴ ቀደመኝና «እኔ ምን አውቃለሁ» ብዬ አንገቴን ደፋሁ። በልቤ «ደግመው ይጠይቁኝና ልናገር» ማለቴ ነበር። ወጣቱ አስተርጓሚ ግን የሰማውን ወደ ሶማልኛ መለሰው፤ «የት እንደገቡ አላውቅም ትላለች» አለ። ሥራ አስኪያጁ ራሳቸውን ነቅነቅ አደረጉና በያዙት ወረቀት ላይ አንድ ነገር ጻፉ። ከዚያ ወደ ሚቀጥለው ሰው አለፉ።

በልጁ አልፈርድም፤ ያልኩትን ነው ያስተረጎመው። በአገሬ ትሕትና የሆነችው ቃል እዚህ የጥፋተኛ ቃል ሆና ተመዘገበች። በዚያ ወር 5 ዶላር ተቆረጠብን።

የዚያን ዕለት ማታ የቤቱን ሂሳብ ባወጣውም ባወርደውም አልገጥም አለኝ። በመጨረሻ አንድ ሐሳብ መጣልኝ፤ ትልቋን ልጄን ከትምህርት አስወጥቼ ሰው ቤት ሕፃን እንድትይዝ ማድረግ። ዕድሜዋ 13 ነው። ለራሴ «ለአንድ ዓመት ብቻ» አልኩት። «ለአንድ ዓመት ብቻ» ተብላ ከትምህርት ቤት የወጣች ስንቷ ልጅ እንደ ተመለሰች ወላጆች ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። እኔም አውቀው ነበር። ግን አሰብኩት።

መምህሩ ያስጠሩኝ ዕለት

በዚያው ሳምንት የልጄ ክፍል ኃላፊ አስጠሩኝ። ክፍያ ሊጠይቁኝ መስሎኝ ምክንያት እያዘጋጀሁ ሄድኩ። መምህሩ ግን ወንበር ሰጡኝና እንዲህ አሉ፦

«ልጅዎ ሂሳብ በወረቀት ስትሠራ ከክፍሉ ጎበዞች አንዷ ናት። ወደ ሰሌዳው ውጪ ስላት ግን ‹እኔ ምን አውቃለሁ› ብላ ትቀራለች። እያወቀች ለምን እንዲህ እንደምትል፣ ከማን እንደ ተማረችውም አልገባኝም።»

ለእኔ ግን ገብቶኛል። ወደ ቤት ስመለስ መንገዱን ሁሉ ያ ነገር ከአእምሮዬ አልወጣም። ስንሰደድ ከቤት ይዤ የወጣሁት ነገር ጥቂት ነው። ለልጄ የማወርሳት ወርቅም ቤትም የለኝም። ይህችን ቃል ግን ሳላውቀው አውርሻታለሁ።

ሐበርየር የነገሩኝ

በማጠቢያ ክፍላችን በዕድሜ የሚበልጡን አንዲት የሐርጌሳ ሴት አሉ። ሶማሌዎች የእናትን እኅት «ሐበርየር» ይላሉ፤ ለታላቅ ሴትም የአክብሮት መጥሪያ ነው። እኛም የምንጠራቸው እንዲሁ ነው። ጥቂት አማርኛ ይሰማሉ። በማግሥቱ አንሶላ ለሁለት ይዘን ስናጥፍ ፊቴ ልክ አለመሆኑን አይተው ጠየቁኝ። እኔም ሁሉንም ነገርኳቸው። በዚያው አማርኛውን የት እንደ ተማሩት ጠየቅኳቸው።

ታሪኩ እንዲህ ነው። እ.ኤ.አ. በ1988 የዚያድ ባሬ መንግሥት ይህችን ከተማ በአውሮፕላንና በመድፍ ደበደባት። ዛሬ በከተማው መካከል ከፍ ብላ የተሰቀለችው ሚግ አውሮፕላን የዚያ መታሰቢያ ናት። በዚያ ጊዜ በመቶ ሺህ የሚቆጠር ሕዝብ ድንበር ተሻግሮ ወደ ኢትዮጵያ ገባ። በጅጅጋ አካባቢ በሐርትሼክ የተቋቋመው ጣቢያ በዘመኑ በዓለም ካሉት ትላልቅ የስደተኛ ጣቢያዎች አንዱ ነበር፤ የተዘጋውም እ.ኤ.አ. በ2004 ነው። ሐበርየር በወጣትነታቸው ልጆቻቸውን ይዘው እዚያ ዓመታት አሳልፈዋል። እንግዲህ እኛ ዛሬ በእሳቸው አገር ስደተኞች እንደሆንን ሁሉ፣ እሳቸውም በእኛ አገር ስደተኛ ነበሩ ማለት ነው።

«ራሽን ሲታደል ባለቤቴ አብሮኝ አልነበረም» አሉኝ። «ተራዬ ደርሶ ጸሐፊው ‹ስም?› ሲለኝ ወደ ኋላዬ ዞሬ የሚናገርልኝ ወንድ ፈለግሁ። ማንም የለም። ከኋላዬ የቆመችው ሴት ገፋ አደረገችኝና ‹ስምሽን ራስሽ ተናገሪ፤ አለዚያ ልጆችሽ አይበሉም› አለችኝ። ተናገርኩ። ድምፄ እንዴት ይንቀጠቀጥ ነበር! ግን ጸሐፊው የድምፄን መንቀጥቀጥ አልጻፈም። የጻፈው ስሜን ነው።»

ቀጥለውም «አንቺ ማንበብና መጻፍ ትችያለሽ፤ እኔ አልችልም። አንሶላው የት እንደሚሄድ በየቀኑ እያየሽ ለምን አትጽፊውም?» አሉኝ።

ደብተሩ

ከልጄ ያለፈ ዓመት ደብተር ያልተጻፈባቸው ገጾች ቀርተው ነበር። እሱን ይዤ ሄድኩ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ሥራ ከመጀመሬ በፊትና ከጨረስኩ በኋላ መጻፍ ያዝኩ፤ ቀኑን፣ ስንት አንሶላ እንደ ገባ፣ ስንት እንደ ወጣ፣ ለማን እንደ ተሰጠ። ጊዜ የሚፈጅ ነገር አልነበረም። መጀመሪያ ሰው ያየኛል ብዬ አፍር ነበር፤ ከሳምንት በኋላ ግን ራሳቸው ባልደረቦቼ «ይችን ጻፊያት» ይሉኝ ጀመር።

ወሩ ሲያልቅ ነገሩ ግልጽ ሆነ። ከመካከላቸው የነተቡ 7 አንሶላዎች የትራስ ልብስ ሊሆኑ ለልብስ ሰፊው ተሰጥተዋል። በረኪና የበላቸው ሌሎች 5 አንሶላዎች ተቀደው የወለል መወልወያ ሆነዋል። በድምሩ 12 መሆኑ ነው። መደርደሪያውን፣ አልጋውንና እጥበቱን ስንቆጥር የተገኘው 228 ሆነ። ከ240 ላይ 12 ሲቀነስ 228 ነው። አንሶላ አልጠፋም፤ አልቋል። ያለቀው ግን ከመዝገብ ላይ አልተሰረዘም።

ይህን ሳውቅ ውስጤ ተለወጠ። ፍርሃቱ አልለቀቀኝም፤ ነገር ግን ፍርሃቴና እውቀቴ የተለያዩ ነገሮች መሆናቸው ታየኝ። ልፈራ እችላለሁ። 12 ግን ብፈራም ባልፈራም 12 ነው።

የቀረኝ መናገሩ ነበር። የእኔ ሶማልኛ ከገበያ የማያልፍ ነው፤ ልጄ ግን ከሰፈር ልጆች ጋር ስትጫወት ጥሩ አድርጋ ለምዳዋለች። «አስጠኚኝ» አልኳት። ሦስት ማታ ከእራት በኋላ ቁጥሮቹን አስጠናችኝ፤ ሰባት «ቶዶበ»፣ አምስት «ሸን»፣ አሥራ ሁለት «ለበ ኢዮ ቶበን»። ከዚያ ነጠላዬን ትከሻዋ ላይ ጣል አድርጋ ሥራ አስኪያጅ ሆነችና «አንቺስ ምን ትያለሽ?» እያለች ትቆጣኛለች። በመጀመሪያው ማታ ሳቅ አላስችል አለን። በሦስተኛው ማታ ግን ሳልሳሳት ጨረስኩ። ልጄም «እማዬ፣ ለካ ትችያለሽ» አለችኝ። ይህችን ልጅ ነበር ከትምህርት ላስወጣት ያሰብኩት።

የተናገርኩበት ቀን

ስብሰባው ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ነበር። 12 አንሶላ ጎደለ፤ ከእያንዳንዳችሁ 15 ዶላር ይቆረጣል ተባለ። ተነሣሁ። ጉልበቴ ይንቀጠቀጣል፤ ጉሮሮዬ ደርቋል። ሐበርየርም ከመቀመጫቸው ተነሥተው ከጎኔ ቆሙ። አንድም ቃል አልተናገሩም፤ መቆማቸው ብቻ በቂ ነበር።

ለአስተርጓሚው «ወንድሜ፣ እባክህ የምለውን ሳትጨምር ሳትቀንስ ንገርልኝ» አልኩት። ከዚያ «አንሶላዎቹ አልጠፉም። የት እንዳሉ ተጽፏል» አልኩ። ቁጥሮቹን ራሴ በሶማልኛ ተናገርኩ። ማንንም ሌባ ነው አላልኩም፤ ማንንም በደለኝ አላልኩም። ቀኑን፣ ቁጥሩንና የተሰጠበትን ቦታ ብቻ ተናገርኩ።

ሥራ አስኪያጁ ደብተሩን ተቀበሉኝ። ጽሑፉ አማርኛ ቢሆንም ቀኑና ቁጥሩ በማንኛውም ሰው የሚነበብ ነው። ልብስ ሰፊውን አስጠሩና ጠየቁት፤ 7 መቀበሉን አረጋገጠ። የቤቱ ሰው ጸጥ አለ። ሥራ አስኪያጁም ቀና ብለው «ታዲያ እስከ ዛሬ ለምን አልተናገርሽም?» አሉኝ።

«እኔ ምን አውቃለሁ» የምትለው ቃል እንደ ልማዷ ከንፈሬ ድረስ መጣች። ዋጥኳትና «አሁን ተናግሬአለሁ» አልኩ።

ጭብጨባ አልነበረም፤ የደመወዝ ጭማሪም አልመጣም። ቀደም ሲል የተቆረጠብኝ 15 ዶላር አልተመለሰም። የዚያ ወር ግን አልተቆረጠብንም። ከዚያ ወዲህ በመዝገቡ ላይ «ያለቀ» የሚል አንድ ዓምድ ተጨምሯል፤ የምሞላውም እኔ ነኝ። ልጄም በክፍሏ አለች።

ከእኛ በፊት የቆሙ ሴቶች

ከዚያ ወዲህ የሌሎችን ሴቶች ታሪክ የምሰማበት ጆሮ ሌላ ሆኗል። በዚህ በሐርጌሳ የሚኖር ሰው ሁሉ የወይዘሮ ኤድና አዳን ኢስማኢልን የእናቶች ሆስፒታል ያውቃል። እኒህ ሴት እ.ኤ.አ. በ1937 በዚህችው ከተማ ተወለዱ። አባታቸው የሕክምና ሰው ነበሩ። በዚያን ዘመን ለሴት ልጅ የሚሆን ትምህርት ቤት በአገሩ ስላልነበረ ጅቡቲ ተልከው ተማሩ። በ1950ዎቹ ወደ እንግሊዝ አገር ሄደው ነርስነትና አዋላጅነት ተማሩና በ1960ዎቹ መጀመሪያ ተመለሱ። በሙያው ሠልጥና የተመለሰች የመጀመሪያዋ የአገሩ ሴት እሳቸው ነበሩ። ነገር ግን ለእንዲህ ያለች ሴት የተዘጋጀ የሥራ መደብ አልነበረምና ለብዙ ወራት ያለ ደመወዝ ሠርተዋል። በኋላም በዓለም የጤና ድርጅት ውስጥ ለዓመታት አገለገሉ። ጡረታ ሲወጡ ያላቸውን ንብረት ሸጠው ቆሻሻ ይጣልበት በነበረ ቦታ ላይ ሆስፒታሉን ሠሩ፤ እ.ኤ.አ. በመጋቢት ወር 2002 ተከፈተ። ከ2003 እስከ 2006 ድረስም የሶማሊላንድ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ነበሩ። በ2023 የቴምፕልተን ሽልማት ተሰጣቸው።

ሰው ይህን ሲሰማ «እሳቸውማ ሲፈጠሩም ደፋር ናቸው» ይላል። እኔ ግን የማየው ያለ ደመወዝ የሠሩባቸውን ወራት ነው። የሚያውቁት ሥራ በእጃቸው ነበር፤ መደቡ ግን አልነበረም። መደቡ እስኪከፈት ቤት ቁጭ ቢሉ ኖሮ ዛሬ ስማቸውን የሚያውቅ አይኖርም ነበር።

ከአገራችንም ወይዘሮ ስንዱ ገብሩን ላንሣ። እ.ኤ.አ. በ1916 ተወልደው በልጅነታቸው ስዊዘርላንድ ተማሩ። በጣልያን ወረራ ጊዜ ከአርበኞች ጋር ተሰልፈው ተማረኩና አሲናራ በምትባል የጣልያን ደሴት ታሰሩ። ከነፃነት በኋላ የእቴጌ መነን ትምህርት ቤት ዳይሬክተር ሆኑ፤ ድርሰትና ቲያትርም ጻፉ። እ.ኤ.አ. በ1957 ደግሞ ለፓርላማ በተደረገው ምርጫ አሸንፈው የመጀመሪያዋ ሴት የምክር ቤት አባል ሆኑ። በወንዶች በተሞላ አዳራሽ ውስጥ መጀመሪያ እጃቸውን ያወጡበትን ቀን አስቡት። በሰው አገር ደሴት ታስሮ የተመለሰ ሰው አዳራሽ አይፈራም ልንል እንችላለን። እኔ ግን ሳይፈሩ አይቀሩም እላለሁ፤ ፈርተው ተናገሩ እንጂ።

ምን ተማርኩ?

ድሮ የሚመስለኝ መጀመሪያ በራስ መተማመን ይመጣል፣ ከዚያ ሰው ይናገራል የሚል ነበር። ስለዚህ ፍርሃቴ እስኪለቀኝ እጠብቅ ነበር። ነገሩ የተገላቢጦሽ ሆኖ አገኘሁት። መጀመሪያ ሥራውን ማወቅ ይመጣል፤ ቀጥሎ እየተንቀጠቀጡ መናገር፤ መተማመኑ የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው። እኔን የረዱኝ ነገሮች እነዚህ ናቸው፦

አንደኛ፣ ሥራን እስከ ቁጥሩ ድረስ ማወቅ። «ብዙ ሠርቻለሁ» ከማለት «ዛሬ 60 አንሶላ አጥቤአለሁ» ማለት ይሻላል። ቁጥር ያላት ሴት ድምፅ ባይኖራትም ትሰማለች።

ሁለተኛ፣ መጻፍ። የተቀጠርንበትን ቀን፣ የተስማማንበትን ደመወዝ፣ የተከፈለንን ገንዘብ በደብተር እንያዝ። መጻፍ የማትችል እናት ለልጇ እየነገረች ታስጽፍ። የተማሪ ልጅ ጥቅሙ አንዱ ይህ ነው።

ሦስተኛ፣ የመጀመሪያዋን ዓረፍተ ነገር አስቀድሞ ማዘጋጀትና በቤት ውስጥ ጮክ ብሎ ማለት። የሚከብደው የመጀመሪያው ቃል ነው።

አራተኛ፣ ስለ ሥራው መናገር እንጂ ስለ ሰው አለመናገር። ሰው ሲነካ ይቆጣል፤ ቁጥር ግን ማንንም አይሰድብም።

አምስተኛ፣ ብቻ አለመሆን። «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» ይባል የለ? አጠገቧ አንዲት ሴት የቆመችላት ሴት ሌላ ሰው ናት።

አንድ ነገር ግን ልደብቃችሁ አልፈልግም። የተናገረች ሁሉ አትሰማም። የማውቃት አንዲት እኅታችን በሰው ቤት ስትሠራ ያልተከፈላትን ደመወዝ ብትጠይቅ በዚያው ዕለት ተሰናብታለች። የጠየቀችው ትክክል ነበር፤ ግን ብቻዋን ነበረች፤ የተጻፈ ነገርም አልነበራትም። ስለዚህ ከመናገር በፊት ከሚያስተውል ሰው ጋር መመካከር ፈሪነት አይደለም። በተለይ በሥራ ቦታ ክብሯን የሚነካ ነገር የደረሰባት እኅት ዝም ብላ አትቻለው፤ ለምታምነው ሰው፣ ለመምህራን ወይም በዚህ ከተማ ለሚገኘው የተባበሩት መንግሥታት የስደተኞች ከፍተኛ ኮሚሽነር ጽሕፈት ቤት ታመልክት። እንዲህ ባለው ነገር ዝምታ ወርቅ አይደለም።

ለወላጆች

ወላጆች ሆይ፤ በሥራ ቦታ የምትናገር ሴት የምትፈጠረው በሥራ ቦታ አይደለም፤ በቤት ነው። ሴት ልጃችን ጥያቄ ስትጠይቅ «ዝም በይ፣ አንቺ ምን ታውቂያለሽ» ካልናት፣ ከዓመታት በኋላ ደመወዟ ሲቆረጥ «እኔ ምን አውቃለሁ» ትላለች። ሁለቱ አንድ ቃል ናቸው። እንግዳ ሲመጣ ቡናውን ስታቀርብ፣ አንድ ጊዜ ደግሞ «ዛሬ ምን ተማርሽ? እስቲ ለእንግዶቹ ንገሪ» እንበላት። ወንዶች ልጆቻችንም እኅታቸው ስትናገር ጨርሶ መስማትን ይልመዱ፤ ነገ የአንዲት ሴት ባልደረባ ወይም አለቃ ይሆናሉና።

ትሕትናችንን እንተው ማለቴ አይደለም። ታላቅን ማክበር፣ በለሰለሰ አንደበት መናገር የእኛ ጌጥ ነው። ነገር ግን ትሕትና የሚያምረው እውነቱን ከተናገሩ በኋላ ነው። እውነትን ውጦ የሚቀር ትሕትና የሰውን ጉድለት በራስ ላይ መክፈል ነው። አባቶች «ካልተናገሩ ደጃዝማችነት ይቀራል» ያሉት ለወንድ ብቻ አልነበረም። እኛ ደጃዝማችነት አልፈለግንም፤ የሠራነው እንዲቆጠርልን እንጂ።

በመጨረሻም የልጄን ነገር ልንገራችሁ። ባለፈው ሳምንት መምህሩ ሲጠሯት ወደ ሰሌዳው ወጣች። የሠራችው ሂሳብ ስህተት ነበር። መምህሩ አረሙላት፤ እንደገና ሠራችውና ተቀመጠች። ማታ ይህን ስትነግረኝ እየሳቀች ነበር። «ሁሉም ሰው ሲያየኝ ተሳሳትኩ፤ እማዬ፣ ምንም አልሆንኩም እኮ» አለችኝ።

እኔም ይህን ጽሑፍ ስጀምር እጄ ይንቀጠቀጥ ነበር። ይኸው ጨረስኩት።

ቸር ይግጠመን።

ከአንዲት የተማሪ ወላጅ